ሙቀጫ ተሸክሞ በሜዲትራኒያን

መንገድ ያሰበ ሰው አፉን ይሰብስብ። ይህን የምላችሁ ብልህ ሆኜ አይደለም። ብልህ ብሆንማ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ በሥዕል ብቻ የማውቃቸውን የሜዲትራኒያን ከተሞች እንደ ሰው አይቼ እመለስ ነበር። እኔ ያየሁት የሰው ሳሎን፣ አንድ አውቶቡስና የአምስት ፎቅ ደረጃ ነው። ቢሆንም አልከፋኝም። ለምን እንዳልከፋኝ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምር።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስቶክሆልም ዳር ባለችው ሄሰልቢና አካባቢዋ ሰው ሳመላልስ ኖሬአለሁ። ራሴን ማመስገን አልወድም (ባለቤቴ የሺ ይህን ስታነብ ትስቃለች)፣ ነገር ግን በሥራ ዘመኔ አንድ ደቂቃ አርፍጄ አላውቅም። የመነሻዬ ሰዓት ሲደርስ በሩን እዘጋለሁ፤ አለቀ። አንዳንዱ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ይሮጣል። በመስታወት አየዋለሁ። ሰዓቴንም አያለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ። "ለአንዱ ከቆምኩ ውስጥ ለተቀመጡት አርባ ሰዎች ማን ይቆምላቸዋል?" እል ነበር። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ልጃችን ቤዛ እዚሁ ስቶክሆልም ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛውን ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው የሚመጣው። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ሲል አንድ ቀን ፖስታ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልን። ስንከፍተው የመርከብ ሽርሽር ትኬት ነው። ከአቴንስ ወደብ ተነስቶ፣ ማልታን ረግጦ፣ ኔፕልስ ውሎ፣ ሮም አጠገብ የሚያበቃ። እኛ ትኬቱን ይዘን ስንንተባተብ እሷ መዶሻና ምስማር አምጥታ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ የፎቶ ክፈፍ ሰቀለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና የሺ የተጋባነው ካርቱም፣ በስደት ላይ ሳለን ነው። ካሜራ ያለው ሰው በአካባቢያችን አልነበረም፤ ስለዚህ የሠርግ ፎቶ የለንም። ቤዛ ልጅ ሆና የጓደኞቿ ቤት የወላጆቻቸውን የሠርግ ፎቶ እያየች ትመጣና "የእናንተስ?" ትለን ነበር። እኛ እንስቅና እናልፈዋለን። ለካ እሷ አላለፈችውም ኖሯል።

"አንድ ፎቶ ብቻ" አለችን በስዊድንኛዋ። "ሁለታችሁ አንድ ላይ ቆማችሁ፣ ከኋላችሁ አንድ የድሮ ነገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።" ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ኦ ኢንጋ ፓኬት፣ ፓፓ!" የማንንም ዕቃ እንዳትቀበል ማለቷ ነው። ልጄ ታውቀኛለች። አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ሻንጣው ሁሉ በሰው አደራ ተሞልቶ የኛ ልብስ በእጅ ቦርሳ ሲጓዝ አይታ ነው ያደገችው።

"ማርያምን አልቀበልም!" ብዬ ማልኩላት።

መሐላዬ የቆየችው እስከ ማርያም ማኅበር ቀን ድረስ ነው። ማኅበሩ የዚያን ወር ተራው ኖርስቦሪ ነበር። ከሄሰልቢ ኖርስቦሪ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው፤ ሰው ደክሞት ስለሚደርስ ጠላው ቶሎ ይይዘዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ ስለ መርከቡ ማውራት ጀመርኩ። ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ስንት መዋኛ እንዳለው፣ በየት በየት እንደሚያልፍ አንድ በአንድ። እያንዳንዱን ወደብ በስሙ ስጠራ ቤቱ ጸጥ ማለቱን አድናቆት መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሁሉ በልቡ ዘመዱን እየቆጠረ ነው። የሺ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ብትረግጠኝ ጊዜው አልፏል።

መጀመሪያ አቶ ጌታሁን መጣ። አቶ ጌታሁን ዮርድብሩ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ሲያሽግ የኖረ ሰው ነው፤ ዘመድ የሌለው አገር ደግሞ የለም። ለአቴንሷ የእህቱ ልጅ አንድ፣ ለማልታው አብሮ አደጉ አንድ፣ ሁለት ካርቶን ሽሮና በርበሬ አመጣ። ካርቶኖቹ በፕላስተር ከመጠቅለላቸው የተነሳ ቦምብ ቢጣልባቸው አይከፈቱም። "ትንሽ ነገር ናት" አለኝ። የሰው ዕቃ መቼም ትልቅ ሆኖ አያውቅም።

ቀጥሎ እትዬ ዘነበች። እትዬ ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ሰማንያን ተሻግረዋል። ያገኙኝ ትቬትስቱጋ፣ ማለት የጋራ ልብስ ማጠቢያችን ውስጥ ነው። እኔ ካልሲ ከማሽኑ ሳወጣ እሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡና ማሽኑ ላይ "ጓ!" አደረጉት።

"አንተ ልጅ፣ ኔፕልስ ትደርሳላችሁ አሉ።"

"እንዲያው ለጥቂት ሰዓት ነው እትዬ። ደግሞ ልጅቷ ዕቃ እንዳትይዙ ብላ..."

"እህቴ አጸደ እዚያ ናት።" ፎጣውን ገለጥ አደረጉት። የነሐስ ሙቀጫ ከነዘነዘናው። "የእናታችን ናት። እኔ ሠላሳ ዓመት ወቀጥኩባት። አሁን ክንዴም እምቢ አለ። ተራው የአጸደ ነው። እኔ እንዳልወስድላት ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎኛል፤ እሷም እንዳትመጣ ጉልበቷ አይረዳትም። አንተ ባትሆን ማን ያደርስልኛል?"

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አነሳሁት። ወገቤ ቋ አለ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብዬ ካልሲዬንና ሙቀጫዬን ይዤ ወጣሁ። ቤዛ አርላንዳ አየር ማረፊያ ስትሸኘን ሻንጣውን ላንሳላችሁ ብላ ሞከረችና አልነቃነቅ ሲላት ቀና ብላ አየችኝ። "ሜን ፓፓ..." አለች፤ ግን አባዬ ማለቷ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ "የእናትሽ ጫማ ነው" አልኳት። የሺ እስከ አቴንስ አላናገረችኝም።

ወደብ ላይ ስንደርስ ሻንጣችን በመፈተሻው ማሽን ገባና ማሽኑ ቀጥ አለ። ጠባቂው ጢሙን በጥንቃቄ ያበጠረ ሕንዳዊ ነበር። ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ጓደኛውን ጠራ። ጎድጓዳ ነገርና ወፍራም ዘንግ። ምንድን ነው ሲሉኝ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። የሺ "ዞር በል" አለችኝና ላሳያችሁ ብላ ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ ስታነሳ ሁለቱም ጠባቂዎች ወደ ኋላ ዘለሉ። በዚህ መልክ ነገሩን ካስረዳን በኋላ ዕቃው ተወሰደብንና ደረሰኝ ተሰጠን። "አንድ የብረት ዱላ ከነማስቀመጫው፤ መርከቡን ሲለቁ የሚመለስ" ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደረሰኙን በደረት ኪሴ ይዤው ተኛሁ፣ ይዤው ተነሳሁ።

መርከቡ የሚነሳው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ያን ከሰዓት አክሮፖሊስ ወጥተን ፎቶ እንነሳለን ብለን ነበር። በመንገዳችን ላይ ለአቶ ጌታሁን የእህት ልጅ ካርቶኑን ጣል አድርገን። ጣል! የሐበሻ ቤት ዕቃ ጣል ተደርጎ የተወጣበት ዘመን ካለ ንገሩኝ። ልጅቷ ወጥ ሠርታለች፤ ጎረቤት ጠርታለች። ቀና ብለን ሰዓት ስናይ የመመለሻችን ጊዜ ደርሷል። አዝናልን በረንዳዋ ላይ አወጣችን። በተሰጣው ልብስና በአንቴናው መካከል፣ በሩቁ፣ አክሮፖሊስ የጥርስ ሳሙና ክዳን አክሎ ይታያል። "ቁሙ ላንሳችሁ!" ብላ አነሳችን። መርከብ ላይ ገብተን ስናየው የኔ ግማሽ ፊት፣ የየሺ አንድ ጆሮና ሙሉ አንሶላ አለበት።

"ግድ የለም፣ ማልታ አለ" አልኳት።

ማልታ ላይ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። አቶ ጌታሁን የአብሮ አደጉን አድራሻ ሲሰጠኝ "ቫሌታ ትንሽ ናት፤ ሐበሻ ብለህ ጠይቅ" ነበር ያለኝ። ስልኩስ ብለው "እሱ ስልክ አያነሳም፤ እንደምትመጡ ግን መልእክት ትቼለታለሁ" አለ። ከመርከቡ ስንወርድ የወደቡ በር ላይ ስም የተጻፈበት ካርቶን የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። እነዚህ አስጎብኚ ነን ብለው የሚይዙ ናቸው ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በዚያ ፀሐይ፣ ካርቶኔን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ዳገቱን ስወጣ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ የጠይም ሰው ፊት ባየሁ ቁጥር "ሐበሻ?" እያልኩ ከረምኩ። የሺ በያንዳንዱ አሮጌ ግንብ አጠገብ ትቆምና "እዚህ ጋ እንነሳ" ትለኛለች። እኔ "መጀመሪያ አደራውን፣ ከዚያ ፎቶውን" እላታለሁ።

ደክሞን ወደ ወደቡ ስንመለስ ካርቶን ይዘው ከቆሙት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ካርቶኑ ላይ ስሜ ተጽፏል። በአማርኛ።

"ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፉ ጠርቼዎት ነበር እኮ ጋሼ!" አለኝ ሰውዬው። ከጀርባው አንድ የቱሪስት አውቶቡስ ቆሟል። ለካ እሱም ሹፌር ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሺ እስከ ዛሬ ያልማረችኝ። የቀረችንን አንዲት ሰዓት ወደ ግንቡ በመመለስ ፈንታ ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ አወራንባት። ሰውዬው በፍቅር አውቶቡሱ ፊት አቁሞ ፎቶ አነሳን። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሰሌዳው ሁሉ ይነበባል።

"ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ አይቼ አልጠገብኩም" አለች የሺ ክፍላችን ስንገባ፣ "ባሕር አቋርጬ ልየው?" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ያ ክፈፍ ባዶውን ሲቀር ቤዛ ምንም አትለንም። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው" አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር ያልኩት ያኔ ነው። ትኬቱን ልጄ የሰጠችኝ ለእናቷ ነው፤ እኔ ለአቶ ጌታሁን ሰጠሁት።

ቀሪው ኔፕልስ ብቻ ነው። በማግስቱ ሌላ ወደብ ላይ ወርደን ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ነው የምንሄደው። የሺ ያን ጠዋት ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አደረገች፣ "ዛሬ እኔ ፎቶ ነኝ" አለች። መርከቡ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚነሳ በየግድግዳው ተለጥፏል። ወደቡን ስናይ ደስ አለን፤ ግዙፍ የድሮ ቤተ መንግሥት ግንብ እዚያው ከበሩ ማዶ ተገትሯል። ሙቀጫውን አድርሰን ስንመለስ ግንቡ ፊት ቆመን እንነሳለን አልን። ቀላል ነገር።

ቀላል አልነበረም። ደረሰኙን ይዤ ስሄድ "መርከቡን ለመጨረሻ ጊዜ ሲለቁ ነው የሚሰጠው" አሉኝ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስንንከራተት ረፈደ። በመጨረሻ ያ ባለጢሙ ጠባቂ ፈረቃው ደርሶ መጣ። የሺ ደረሰኙን ከእጄ ቀማችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ "የእናት ነው። የሁለት እህቶች እናት። አንዷ እዚህ ናት" አለችው። ሰውዬው ደረሰኙን ተቀበላት። ከዚያ እጁን ጨብጦ አየር ላይ መውቀጥ ጀመረ። "የኔም እናት አላት" አለ። ገብቶ አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠን።

እትዬ አጸደ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ሊፍት የለውም። እንዴት እንደወጣሁ አልነግራችሁም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለነፍሴ ጸልዬአለሁ። በሩን ሲከፍቱ እትዬ ዘነበችን ያየሁ መሰለኝ፤ ያው ግንባር፣ ያው ቁጣ። ላዛኛ በበርበሬ ሠርተው ጠብቀውናል። "እትዬ፣ መርከቡ..." ስል "አጸደ ትሙት! ሳትቀምሱ?" አሉ። ቀመስን። ደገምን። እንዲህ ያለ ላዛኛ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ ፎጣውን ፈቱት። ሙቀጫውን ጠረጴዛው ላይ አቁመው አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጣሉበትና ዘነዘናውን አንዴ መቱ። "ኪን" አለ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ደግመው መቱት።

"እሷ ናት" አሉ። "ድምጿ ነው።"

ስልክ ደወሉ። ሄሰልቢ ያሉት እትዬ ዘነበች "አቤት" ሲሉ እትዬ አጸደ ምንም ሳይናገሩ ስልኩን ሙቀጫው አጠገብ አስቀምጠው መውቀጥ ጀመሩ። ኪን፣ ኪን፣ ኪን። ከዚያ እትዬ ዘነበች "ቀስ በይ፣ እማዬ እንዲህ አትቸኩልም ነበር" አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቃቸውም ወዲያው ለቅሶ ሆነ። የሺ አብራ አለቀሰች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት። በዕድሜዬ ሰዓት ስሸፍን የመጀመሪያዬ ነው፤ በዚያ ቤት ያን ጊዜ ተነስቶ የሚሄድ ሰው መሆን አልፈለግሁም።

እጅጌዬን መልሼ ስገልጠው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ብድግ ስንል እትዬ አጸደ ወደ ጓዳ ገቡና በቀይ የገበያ ቦርሳ አንድ ነገር አቅፈው ወጡ።

"ይቺን ለዘነቡ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።"

ከፍቼ አየሁ። ሙቀጫ። እብነ በረድ። ከነሐሱ እጥፍ ይከብዳል።

"እሷ ሙቀጫዋን ሰጥታኝ ባዶ እጇን ልትቀር ነው?" አሉ ቁጣቸው መጥቶ። ምን ይባላል? አቀፍኩት። ታክሲ ፈለግን፤ መንገዱ በመኪና ተዘግቷል። እግሬ አውጪኝ አልን። እኔ ከፊት ሙቀጫ ታቅፌ፣ የሺ ከኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መቀነቷ ተፈታ፣ ነጠላዋ ተነስቶ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ግንቡን በጎኑ አለፍነው። "ፎቶው!" አለች የሺ እያለከለከች። "ፎቶው!" አልኩ እኔም። ማናችንም ግን አልቆምንም።

ወደቡ ውስጥ ስንገባ መሰላሉ ላይ ያሉት ሠራተኞች ገመዱን ይዘዋል። አንደኛው ሰዓቱን ያያል። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። የሄሰልቢ ተሳፋሪዎቼ ሁሉ፣ በረዶው ላይ ሲንሸራተቱ በመስታወት ያየኋቸው ሁሉ፣ በዓይኔ መጡብኝ። "ይቅር በሉኝ!" ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ። ለማን እንደጮህኩ የሺ እስከ ዛሬ አልገባትም። ቦርሳውን በአንድ ክንዴ አቅፌ በሌላው እጄ እጇን ያዝኩና ጎተትኳት። ከላይ በየፎቁ የመርከቡ ሰው ወጥቶ ያጨበጭብልናል፣ ያፏጫል፣ እልል የሚልም ያለ መሰለኝ። ሰውዬው ሰዓቱን ትቶ እኛን አየ። ገመዱን አልፈታም። ጠበቀን።

መፈተሻው ማሽን ጋ ያው ባለጢሙ ጠባቂ ነው። ቦርሳዬ ገባ፤ ማሽኑ ቀጥ አለ። ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። አንድ ቃል ሳይናገር ደረሰኝ ጻፈልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከመርከቡ ከመውረዳችን በፊት የሺ ከወዲያ ማዶ "አንተ፣ ና! ተሰቅለናል!" ብላ ጠራችኝ። የመርከቡ ፎቶ አንሺዎች ተሳፋሪ ሲገባ እያነሱ ኮሪደር ላይ ይሰቅላሉ። ሄጄ አየሁ። ፎቶውን ገዛነው፤ የሺ በፖስታ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሄሰልቢ ስንገባ ቤዛ ቤት ሆና ጠበቀችን። ዕቃ እንኳ ሳናስቀምጥ ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቹን ማየት ጀመረች። አንሶላና ጆሮ። አውቶቡስ። ላዛኛ። ጣቷ ቆመ። ዓይኗ ወደ ባዶው ክፈፍ ሄደ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የሺ ያን ጊዜ ከቦርሳዋ ፖስታውን አውጥታ ሰጠቻት።

ቤዛ ከፍታ አየችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ከዚያ ፎቶውን አቅርባ አየችው። ከኋላችን ያ ግዙፍ ግንብ አለ፤ በጎን፣ ከመርከቡ ላይ፣ ሰው ያጨበጭባል፤ እናቷ ነጭ በነጭ ሆና፣ ባዶ እግሯን፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ፣ አባቷ ቀይ ቦርሳ ታቅፎ።

"እጅ ለእጅ ተያይዛችኋል" አለች። በአማርኛ።

ክፈፉን ከግድግዳው አውርዳ ፎቶውን አስገብታ መልሳ ስትሰቅለው በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ እህታቸው የላኩላቸውን ሙቀጫ ሊወስዱ። ጉልበታቸውን እያሻሹ ደረጃውን ወጥተዋል። ኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ፎቶውን በቅርብ ተመለከቱ። ነጩን ቀሚስ፣ የሚውለበለበውን ነጠላ፣ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ።

"የሠርጋችሁ ፎቶ ነው?" አሉ።

የሺ እኔን አየችኝ። "አዎ፣ እትዬ" አለቻቸው። "ትንሽ ዘግይቶ ነው የደረሰልን።"

እኔ፣ አንድ ደቂቃ አርፍጄ የማላውቀው ሰው፣ ስለ መዘግየት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሙቀጫውን አንስቼ እትዬን ደረጃውን በቀስታ ተከትዬ ወረድኩ።